እሾህ የማይበግረው ሱሪ፦ የሚባለውና እውነታው

ለወፍ አደን ሾትገን የሚገዛ ሰው ወር ሙሉ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል፣ ይከራከራል። ሱሪውን ግን ከሱቅ ሊወጣ ሲል ከመስቀያው ላይ መንጭቆ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ጠመንጃው ምንም አልሆነም። ጭኑ ግን ድመት ስትጫወትበት የዋለች መስሏል።

የማወራው በውሻ እየታገዙ፣ ሜዳውንና ቁጥቋጦውን በእግር እያሰሱ ስለሚደረገው የአሜሪካ ወፍ አደን ነው። በደቡብ ዳኮታ የፌዛንት (ጅራተ ረጅም፣ ዶሮ መሰል ወፍ) አደን በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ይከፈታል። እዚያ አደኑ የተጀመረው በ1919 ነው፤ በ1943 ደግሞ ፌዛንት የግዛቷ መለያ ወፍ ሆነ። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ያለው አዳኝ ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር፣ ግራውስ የሚባለውን የጫካ ወፍ ፍለጋ ጫካ ይገባል። ቴክሳስ ላይ ድርጭት አለ። ኔቫዳና አይዳሆ ደግሞ ገደል ለገደል የሚሮጠው የቆቅ ዘመድ፣ ቹካር አለ። በሚኒያፖሊስም በሱ ፎልስም ሐበሻ አለ፤ የሥራ ባልደረባ «ቅዳሜ አደን እንሂድ» ሲል ምክሩ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። ስለ ሱሪ የሚባለው አብዛኛው ግን እንደወረደ የሚወሰድ አይደለም።

«ጂንስ ይበቃል፤ ካውቦይስ የሚለብሰው እሱን አይደል?»

ካውቦይ እሾህ ውስጥ ሲገባ ጂንሱን ብቻ ለብሶ አይገባም። ከላዩ ላይ ቻፕስ የሚባለውን የቆዳ የእግር መሸፈኛ ያስራል። ያን የሚያደርገው ጂንሱ ስለማይበቃው ነው።

ጂንስ ለመፋተግ ጎበዝ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ክሩ ለስለስ ያለ ስለሆነ እሾህ በቀላሉ ይይዘዋል፤ ቀጭኑ እሾህ ደግሞ ሰተት ብሎ ያልፋል። ጠዋት ጤዛ ያለበት ሣር ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከተራመዳችሁ እስከ ጭን ይረጥባል። ከረጠበ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። የሚገርመው፣ የጥጥ ክር ሲረጥብ ጥንካሬው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ በትንሹ የሚቀንሰው ናይለን ነው። ስለዚህ እርጥብ ጂንስ አይቀደድባችሁም። እናንተን ግን ያንቀጠቅጣችኋል።

ደረቅ ቀን ከሆነ፣ ሜዳውም ሣር ብቻ ከሆነ፣ ጂንስ ለብሳችሁ ብትሄዱ ማንም አይስቅባችሁም። ጉልበቱ ላይ ድርብ የሆነው የካርሃርት የሥራ ሱሪ ደግሞ ከጂንስ በጣም ይሻላል። ብዙ ሐበሻ ቤት ውስጥ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሌላ ባትገዙም ይሆናል።

«ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ጠንካራው ነው»

ሱሪው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት 330፣ 500 ወይም 1000 ዴኒየር ይላል። ዴኒየር የክር ክብደት መለኪያ ነው፦ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል? 1000 ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትሩ አንድ ኪሎ የሚመዝን ክር ነው። ይኸው ነው። ክሩ ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደተሸመነ ቁጥሩ አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ነገሩ ይለያያል። ሱሪ ሦስት ጠላት አለው፦ የሚፍቀው፣ የሚወጋው እና የሚቀድደው። ወፍራም ክር ለመፋተግ በጣም ጥሩ ነው። እሾህ ግን ክሩን አይበሳም፤ በክርና በክር መካከል ነው የሚሾልከው። ሰፋ ተደርጎ የተሸመነ ባለ 1000 ጨርቅ፣ ጥብቅ ተደርጎ ከተሸመነ ባለ 500 ጨርቅ በታች ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ቁጥሩን አንብቤ ስጨርስ የስልኬን መብራት ከጨርቁ ጀርባ አበራለሁ። ብርሃኑ እንደ ወንፊት ነጥብ ነጥብ ሆኖ ካለፈ ሱሪውን እመልሰዋለሁ።

ክብደትም አለ። ቀኑን ሙሉ የምታነሱት እግር ነው። ባለ 1000 ጨርቅ ለቦርሳ ያምራል፤ ለሱሪ ይገትራል። ሲራመዱበት ሽው ሽው ይላልም። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የተረፈው ፌዛንት የመኪና በር ሲዘጋ እንኳ ሰምቶ የሚሮጥ ነቄ ወፍ ነው።

«ኬቭላር ጥይት ካቆመ እሾህ አያቅተውም»

ያቅተዋል። የጥይት መከላከያ ሰደሪያ ጥይት የሚያቆመው ብዙ ድርብርብ ስለሆነና የጥይቱን ጉልበት ወደ ሰፊ ቦታ ስለሚበትን ነው። ሹል ነገር ሌላ ታሪክ ነው፤ ለጩቤ ተብሎ ካልተሠራ ተራው ሰደሪያ እንኳ ሊበሳ ይችላል። ሱሪ ውስጥ ጥቂት የኬቭላር ክር መግባቱ መቀደድን ይከላከል ይሆናል። መወጋትን ግን አይደለም። ፀሐይ የሚያዳክመው ክር መሆኑንም አትርሱ።

«የወታደር ሱሪ ይሻላል፣ ሪፕስቶፕ ነው»

ሪፕስቶፕ ትንንሽ አራት ማዕዘን የሚታይበት ጨርቅ ነው። በየመሀሉ ጠንከር ያለ ክር ይገባበታል። ሥራው የተጀመረ ቀዳዳ እንዳይሰፋ ማገድ ነው። ቀዳዳው እንዳይጀመር አያደርግም። ግማሽ ናይለን ግማሽ ጥጥ የሆነው የወታደር ሱሪ በርካሽ ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ኪሱም ብዙ ነው። ለቹካር ተራራ፣ ድንጋይና አጭር ሣር ብቻ ባለበት፣ እወደዋለሁ። እሾህ ውስጥ ግን ብቻውን አይሆንም።

«ውሃ የማያስገባውን ግዛ፣ ሁሉንም ይሠራል»

ውሃ የማያስገባ ሱሪ ውስጡ ስስ ሽፋን አለው። እሾህ ያንን ሽፋን ከበሳው ውሃ መከላከሉ በዚያው ቦታ አበቃ። ከውጭ ስታዩት ሱሪው ደህና ነው፤ እርጥብ ሣር ውስጥ ስትገቡ ግን ጉልበታችሁ ይረጥባል። ላቡም አለ። ኦክቶበር ላይ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ሙቀት ነው፤ እናንተ ደግሞ ሙሉ ቀን በእግር ናችሁ። ውሃ ከውጭ ባይገባም ላቡ ከውስጥ ያረጥባችኋል።

በሰም የተነከረው የጥጥ ሸራ ሌላ ምርጫ ነው። በ1897 ሲያትል ላይ የተመሠረተው ፊልሰን የሚባል የልብስ ኩባንያ እስከ ዛሬ ይሸጠዋል። ሽመናው ጥብቅ ስለሆነና ሰሙ ስላለበት እሾህ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጉዱ ደግሞ ይህ ነው፦ በሙቀት አየር አያስገባም፣ በብርድ ይገትራል፣ የመኪና ወንበር ላይ ሰም ይተዋል። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከከተታችሁት ሰሙ ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ብቻ ነው።

«ዋናው ከፊት የተደረበው ጨርቅ ነው»

ግማሹ እውነት ነው፤ አብዛኛው የአደን ሱሪ በቀላል ጨርቅ ተሠርቶ ከፊቱ ጠንካራ ጨርቅ ይደረብበታል። ግን ድርቡ የት ይጀምራል? የት ያልቃል? ሱቅ ውስጥ ማንም ይህን አይጠይቅም።

ድርቡ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆም ሱሪ ብዙ ነው። የደቡብ ዳኮታ ረጅም ሣር ግን ወገብ ያልፋል። የሚኒሶታ የዱር እንጆሪ (ብላክቤሪ) ቁጥቋጦ የሚይዛችሁ ጭን ላይ ነው። ስለዚህ ድርቡ እስከ ላይኛው ጭን መድረስ አለበት። ወደ ኋላም ትንሽ መዞር አለበት፤ አንዱን እግር አሳልፋችሁ ሌላውን ስትጎትቱ ቅርንጫፉ ተመልሶ የሚመታችሁ የባትን ጀርባ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ አንድ ስንዝር ያህል ዙሪያውን የተደረበ ካገኛችሁ አትለፉት።

ከዚያ ሱሪውን ገልብጡት። በትክክል፣ ሱቅ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጭ። ድርቡ የተሰፋው በአንድ መስመር ነው በሁለት? ብሽሽቱ ላይ አራት ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ ወይስ መሀሉ ላይ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ገብቷል? አራቱ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ፣ የሽቦ አጥር ስትሻገሩ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ጨርቅ የገባበት ሱሪ ኃይሉን ይከፋፍለዋል። የኪስ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ የዚግዛግ ስፌት አለ? የሱሪው ጫፍ ላይ ያለው ዘምዘማ ምን ያህል ወፍራም ነው? ሱሪ ከመሀል ጨርቁ አርጅቶ የሚሞተው ጥቂት ነው። በስፌቱና በጫፉ ነው የሚያልቀው።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ልበሱትና ጉልበታችሁን እስከ ወገብ አንሱ። ከዚያ ቁጢጥ በሉ። ጉልበቱ ላይ ጨርቁ ከተወጠረ አይሆንም።

«ጥብቅ ያለው ይሻላል፣ አይያዝም»

ጥብቅ ሱሪ ላይ ጨርቁ ከቆዳችሁ ጋር ተጣብቋል። እሾሁ ጨርቁን ባለፈበት ቅጽበት ሥጋ ላይ ነው። ትንሽ ላላ ያለው ሱሪ በመሀል ክፍተት ይተዋል፣ ሲነካም ይሸሻል። በጣም ሰፊው ደግሞ በየቅርንጫፉ ይንጠለጠላል። ጉልበት ሲታጠፍ የማይወጠር፣ ሲቆሙ የማይንዘላዘል፤ ልኩ እሱ ነው። ከታች ረጅም ካልሲና ስስ የውስጥ ሱሪ የሚገባበት ቦታ ይኑር።

«አንድ ጥሩ ሱሪ ለሁሉም ቦታ»

እኔ ዋናው ስህተት የምለው ይህን ነው። ሻጩም ይወደዋል፣ ገዢውም ይወደዋል። ግን መጠየቅ ያለበት የትኛው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የምትገቡት የሚለው ነው።

አገር ቤት እሾህ ያወቀ ሰው እዚህ ጋ ከብዙ አሜሪካዊ ይቀድማል። የሚኒሶታና የዊስኮንሲን የግራውስ ጫካ ውስጥ የሚያሰቃየው እንጆሪ ነው፤ የእኛው እንጆሪ የቅርብ ዘመድ። እሾሁ አጭርና ቆልማማ ነው። ከመውጋት ይልቅ ይይዛል። ስለዚህ እዚያ የሚያስፈልገው ልሙጥ ጨርቅ ነው። የዳኮታ ሜዳ ላይ የቀጋ ዘመድ የሆነ የዱር ጽጌረዳ አለ፤ ግን ዋናው ሥራ ረጅም ሣርና ፊላ የሞላበት ረግረግ ውስጥ መራመድ ነው። ያ ጨርቅን የሚፍቅ እንጂ የሚወጋ ነገር አይደለም። መካከለኛ ሱሪ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለጫማ አስቀምጡ።

ቴክሳስ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለው ሜስኪት አፋርን ያጥለቀለቀው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው። አፋር የሄደ ሹፌር ያ እሾህ ጎማ ላይ የሚያደርገውን ያውቃል። ከሥሩ ደግሞ በለስ አለ፤ ትግራይ ላይ የምናውቀው በለስ መጀመሪያ የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። የበለስ ትልቁ እሾህ ይታያል፤ ፀጉር የሚመስለው ትንሹ ነው ጨርቅ ውስጥ ተሰክቶ ሳምንት የሚያሳክከው። እዚያ ስስ ጨርቅ አይሠራም፤ ወፍራምና ጥብቅ ሽመና ያለው ሱሪ ወይም ቻፕስ ያስፈልጋል።

ቻፕስ በነገራችን ላይ በጣም የተናቀ ዕቃ ነው። ከማንኛውም ሱሪ ላይ ይታሰራል፣ ሲሞቅ ይፈታል፣ ከአደን ሱሪ ይረክሳል። መቀመጫውና ብሽሽቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ላይ አይረዳም። በዓመት ጥቂት ቅዳሜ ብቻ ለሚወጣ ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

«ወፍራም ሱሪ እባብም መዥገርም ይከላከላል»

እባብ አይከላከልም። ለእባብ ተብሎ የተሠራ ቦት ጫማ ወይም ጋምባሌ ለብቻው ይሸጣል።

መዥገር ደግሞ ጨርቅ አይበሳም፤ ከታች ጀምሮ እየወጣ ክፍተት ይፈልጋል። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአጋዘን መዥገር በሚኒሶታና በዊስኮንሲን በኦክቶበርና በኖቬምበርም ይንቀሳቀሳል፤ «በረዶ ነው፣ ሞቷል» አትበሉ። ፐርሜትሪን የሚባለው የመዥገር መድኃኒት ልብስ ላይ ይረጫል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለበሳል። ቆዳ ላይ አይደረግም። ቤት ውስጥ ድመት ካለ እርጥቡን አታስጠጓት፤ ይጎዳታል። ደረቅ ቀን ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ጤዛ ባለበት ጠዋት ግን ሱሪው ከጫማው በላይ ይውረድ፤ አለዚያ ውሃው ሁሉ ጫማ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ማታ ሰውነታችሁን ፈትሹ።

«ብርቱካናማ ሱሪ ከለበስኩ ሕጉን አሟላሁ»

ሚኒሶታ ላይ አላሟላችሁም። አዳኝ ለሌላ አዳኝ እንዲታይ የሚለብሰው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከወገብ በላይ መታየት አለበት። ኮፍያ ወይም ሰደሪያ ይሁን።

«ከተቀደደ አለቀለት»

አላለቀም፤ እንዲያውም ደህና ሱሪ በቤት ይሠራል። ባለ 500 ኮርዱራ (ጠንካራ የናይለን ጨርቅ) በያርድ ይሸጣል። አሮጌ የሥራ ሱሪ ላይ ልብስ ሰፊ ወስዳችሁ ማስደረብ ትችላላችሁ። ጂንስ ከሆነ የውጭ ጎን ስፌቱን ፍቱለት፤ የውስጥ ጎኑ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ በድርብ ስለተሰፋ መፍታቱ ጣጣ ነው። እግሩ ተዘርግቶ ሲተኛ ድርቡ ይሰፋል፣ ከዚያ ጎኑ ይዘጋል። መርፌው የጂንስ፣ ቁጥር 100 ይሁን። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ከተጠቀማችሁ ጨርቁ ደህና ሆኖ ስፌቱ ቀድሞ ይበላል። ማጠቢያ ላይ ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ውሃ የሚያንሸራትተውን ቅብ ያበላሻል። ጭጎጎት ከተለጠፈበት ሳይደርቅ አትቧጭሩት፤ ሲደርቅ በአሮጌ ማበጠሪያ ይለቃል።