ሠዓሊ በሥራ ክፍሉ ራሱን ሲሥል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ሥዕል ሳስተምር፣ ብሩሹን ይዞ ሸራው ፊት የቆመ ሠዓሊ የሣለውን የራሱን ምስል ባሳየሁ ቁጥር ተመሳሳይ አስተያየቶች ይነሣሉ።

«ራሱን የሚሥል ሰው ትዕቢተኛ ነው።» ይህ በጎጃም ቢባል አያስገርምም፤ በጣና ገዳማት ሥዕሎች ቦታ የሚሰጠው ለአሠሪው ነውና። በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ሠዓሊውን ግን ብሩሹን እንደያዘ በየትኛውም ግድግዳ ላይ አላየሁም። ይሁንና ራስን መሣል ብዙ ጊዜ ከእጅ ማጠር የሚመጣ ነው። ቫን ጎኽ ከ35 በላይ የራሱን ምስሎች የሣለበት አንዱ ምክንያት ለሞዴል የሚከፍለው ገንዘብ ማጣቱ ነበር።

«መስተዋት ያሳየውን የሣለ እውነተኛ መልኩን ሣለ።» ከሁሉም ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። አንዲት ተማሪዬ ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ጥላ መስተዋት ፊት ተቀመጠችና ያየችውን ሳታዛንፍ ሣለች፤ እናቷ ሥዕሉን አይተው «መልኩስ የልጄ ነው፤ ነጠላውን ግን እንዲህ አትጥለውም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ነጠላው በሸራው ላይ ወደ ቀኝ ትከሻ ዞሯል። ቀኝ እጁ ብሩሽ የያዘ ሠዓሊም በዚሁ መንገድ ግራኝ ሆኖ ይወጣል። ለንደን፣ ኬንውድ በሚገኘው በሬምብራንት የእርጅና ዘመን ምስል ላይ የተደረገ የኤክስሬይ ምርመራ፣ ሠዓሊው እጆቹን መጀመሪያ መስተዋት እንዳሳየው ሥሎ በኋላ እንዳስተካከላቸው አሳይቷል።

«ክፍሉ ማጀቢያ ብቻ ነው።» ሬምብራንት በ1628 እ.ኤ.አ. ገደማ በሣላትና ዛሬ ቦስተን በምትገኘው ትንሽ ሥዕል፣ ራሱ እንደሆነ የሚታመነው ሠዓሊ ከወደ ኋላ አንሶ ቆሟል፤ ከፊት የገዘፈው ጀርባውን የሰጠን የሥዕል ሰሌዳ ነው። የተላጠው የግድግዳ ልስንና የተሰነጣጠቀው ወለል ከሠዓሊው መልክ ይልቅ በጥንቃቄ ተሥለዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

«ሥዕሉ የአንዲት ቅጽበት ምስክር ነው።» በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘውና ቬላዝኬዝ በ1656 እ.ኤ.አ. የሣለው «ላስ ሜኒናስ» ሠዓሊውን በትልቅ ሸራ ፊት ያሳያል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መስቀል ሳንቲያጎ የተባለው የስፔን ፈረሰኛ መኳንንት ማኅበር ምልክት ሲሆን፣ ወደ ማኅበሩ የገባው ግን በ1659 ነው፤ መስቀሉ በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው። በሥዕሉ ውስጥ የቆመው ቬላዝኬዝ ገና ያላገኘውን ማዕረግ ለብሷል።