በሞለኪውል ሥዕል ላይ ሌብል ምንድን ነው?

«ሥዕሉ ከተጨናነቀ የጽሑፉን መጠን ቀንስ።» የሞለኪውል ሥዕል ስለሚሠራው ስለ ፓይሞል ፕሮግራም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ስህተትም ነው። ጽሑፉ ሲያንስ ሥዕሉ አይጠራም፤ እንደተጨናነቀ ይቀርና የማይነበብ ይሆናል።

የስህተቱ ምንጭ ሌብልን፣ ማለትም ሥዕሉ ላይ የሚጻፈውን የአቶም ወይም የአሚኖ አሲድ ስም፣ ከላይ እንደተለጠፈ ጽሑፍ ማየት ነው። ሌብል የአቶም ነው። አንድ አቶም ላይ ይታሰራል፤ ሞለኪውሉ ሲዞር አቶሙን ተከትሎ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ባለበት የሚቆም ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው፤ ኪሜራኤክስ የተባለው ሌላው የሥዕል ፕሮግራም ለእሱ የተለየ ትእዛዝ አለው። ስለዚህ ስለ መጠን ከማውራት በፊት የትኛው አቶም ስም ያስፈልገዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ፕሮቲዬዝ የተባለውን የኤችአይቪ ፕሮቲን እንውሰድ፤ ፒዲቢ በተባለው የፕሮቲን ቅርጾች ማከማቻ 1ኤችኤስጂ ተብሎ የተቀመጠውን፣ ኢንዲናቪር የተባለውን መድኃኒት የያዘውን። ፋይሉ ውስጥ 1,686 አቶሞች አሉ፦ 1,514ቱ የፕሮቲኑ፣ 45ቱ የመድኃኒቱ፣ 127ቱ የውሃ ኦክስጅን። «ሁሉም» ብሎ መርጦ የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ክፍል) ስም እንዲጻፍ የሚያዝ ሰው በሰንሰለቱ 25ኛ የሆነውን አስፓርቲክ አሲድ 25ን ስምንት ጊዜ ያጽፈዋል፤ ሃይድሮጅን ሳይቆጠር ስምንት አቶም አለውና። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ለአንድ አሚኖ አሲድ አንድ አቶም ብቻ ምረጡ። ብዙዎች የአሚኖ አሲዱን ማዕከላዊ ካርቦን፣ አልፋ ካርቦንን፣ ይመክራሉ፤ ለሪባን፣ ዋናው ሰንሰለት እንደ ጥብጣብ ለሚሳልበት ሥዕል፣ ጥሩ ነው። ከእሱ የሚወጣው የጎን ሰንሰለት በስቲክ (በዘንግ) ሲሳል ግን ስሙ ሪባኑ ውስጥ ይቀበራል። አስፓርቲክ አሲድ ከሆነ በጎን ሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ጋማ ካርቦን ላይ እሰሩት፤ ሥራው ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደተያዘ ለማሳየት ከ198ቱ አሚኖ አሲዶች አራት ስም ይበቃል፦ ሁለቱ አስፓርቲክ አሲድ 25 (በየሰንሰለቱ አንድ) እና መድኃኒቱን በአንዲት ውሃ በኩል የሚይዙት ሁለቱ አይሶሉሲን 50።

«አንባቢው ግን ሁሉንም ማየት አለበት» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ የሚጣራው በመንገዱ ላይ ሌላ ፌርማታ ስለሌለ አይደለም፤ ተሳፋሪው የሚወስነው በመድረሻው ስለሆነ ነው። ፌርማታውን ሁሉ ቢዘረዝር ማንም አይሰማውም፤ በሹክሹክታ ቢዘረዝረውም ያው ነው፤ ፊደል ማሳነስ ማለት ይህ ነው። ወደ አንድ ሰፈር በሁለት መንገድ የሚኬድ ከሆነ ደግሞ በየት በኩል እንደሚሄድ መናገር አለበት። ፕሮቲዬዙ ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች አሉት፤ «አስፓርቲክ 25» ብቻ መጻፍ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። የሰንሰለቱን ፊደል ጨምሩበት፤ ወይም የሌብሉን ቀለም ከሰንሰለቱ ቀለም ጋር አንድ አድርጉ። ረዳቱ ከመኪናው ርቆ ከተጣራም ሰው የሌላ ታክሲ በር ይከፍታል። ሌብሎችን ሁሉ ወደ ፊት የሚያወጣው ፍሎት ሌብልስ የተባለው የፓይሞል ምርጫ ይህንን ያመጣል፤ ከኋላ ያለ አቶም ስም ከፊት ያለው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የምታትሙትን እይታ ወስኑ፤ ከዚያ ሌብሉን ከአቶሙ ትንሽ ብቻ አንቀሳቅሱ። የግድ መራቅ ካለበት ማያያዣ መስመር ይኑረው።

መጠን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም የሚሰላው በወረቀቱ ነው። 8.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሥዕል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል) 1,004 ፒክሰል ገደማ ነው። በዚያ ላይ 14 ፒክሰል የሆነ ፊደል ሲታተም 3.4 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያው ፖይንት) ብቻ ይሆናል። ለ7 ነጥብ 29 ፒክሰል ያስፈልጋል። በፓይሞል መጠኑን በኔጌቲቭ ቁጥር ብትሰጡት መለኪያው የአቶም ርቀት የሚለካበት አንግስትሮም ይሆናል፤ ያኔ ፊደሉ ከሞለኪውሉ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ያንሳል። የሁለት ካርቦን ነጠላ ቦንድ 1.54 አንግስትሮም መሆኑን አስታውሱና መጠኑን በዚያ ገምቱ።

ቁጥሩም ራሱ መጣራት አለበት። በ1ኤችኤስጂ ሁለቱም ሰንሰለቶች ከ1 እስከ 99 ተቆጥረዋል፤ በሌሎች የዚሁ ፕሮቲን ፋይሎች ሁለተኛው ከ101 ይጀምራል፣ 25 የነበረው 125 ይሆናል። የሲክል ሴል የደም ሕመምን የሚያመጣው የሄሞግሎቢን ለውጥም ሜታዮኒን የተባለው የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ሲቆጠር 7ኛ፣ ሳይቆጠር 6ኛ ቦታ ላይ ነው። ሌብሉ የሚጽፈው ፋይሉ ያለውን ቁጥር ነው፤ ጽሑፋችሁ ውስጥ ያለው ሌላ ከሆነ አንዱን አስተካክሉ።

አንድ ስም ብቻ ደምቆ ወይም ድርብ ሆኖ ከታየ የፊደሉን ዓይነት አትወንጅሉ። ያ አቶም በፋይሉ ውስጥ ሁለት አማራጭ ቦታ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ፓይሞል ለሁለቱም ይጽፋል። ምርጫውን በአንዱ አማራጭ ገድቡት።