ጎንደር ላይ ዓሣና ሰላጣ በአንድ ውሃ፦ የትኛው የአኳፖኒክስ አሠራር ይሻላል?

አኳፖኒክስ ዓሣ ማርባትንና ያለ አፈር አትክልት ማልማትን በአንድ ውሃ የሚያገናኝ አሠራር ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሰላጣው፣ ቆስጣውና ጎመኑ ናይትሬቱን ይመገባሉ፤ ውሃውም ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። በቀን የሚጨመረው ከጠቅላላው ውሃ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አሠራር ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ ይቀድማል፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሌሊቱ ሲቀዘቅዝስ?

በቱቦ ውስጥ ስስ ውሃ የሚያፈሰው አሠራር ቦታ ይቆጥባል፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል። ፓምፑ ከቆመ ግን ሥሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ስሱ ውሃም ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለጎንደር አልመክረውም።

ለገበያ ሰላጣ ለሚያመርት ተንሳፋፊው ይሻላል። የተበሳሳ ፎም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሥሩ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ውሃው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም፤ መብራት ቢጠፋም ሥሩ አይደርቅም። ለብቻው ማጣሪያና አየር መንፊያ ግን ይፈልጋል።

ለቤተሰብ የጠጠር መደብ ነው የምለው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ጠጠሩ ራሱ ቆሻሻውን ያጣራል፣ ባክቴሪያውን ያኖራል፣ ሥሩን ይይዛል። ቀይ አሽ ከተገኘ ቀላልና ባለ ብዙ ቀዳዳ ስለሆነ በጣም ጥሩ ነው። ሌላ ጠጠር ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ተዉት። ኖራው የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርጋል፤ ያኔ ተክሉ ብረት መውሰድ ያቅተውና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል። የሚፈለገው ፒኤች ከ6 እስከ 7 ነው።

ዓሣውን በተመለከተ፣ የጣና ቀረሶ 27 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል፤ ብርድ ሲበረታ መብላት ያቆማል። ስለዚህ ሮቶውን መሸፈን፣ ከተቻለም በላስቲክ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አምባዛም ሙቀት ይወዳል፤ ግን ከውሃው በላይ አየር መተንፈስ ስለሚችል መብራት ሲጠፋ ከቀረሶ ይልቅ ይቋቋማል። ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ይሰላል።

ባክቴሪያው እስኪጠነክር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ብርድ ላይ ደግሞ ይዘገያል። ከኅዳር ይልቅ ሙቀቱ በሚጨምርበት በየካቲት መጨረሻ መጀመር ይሻላል።