ስለ ሂልደጋርድ ዜማ ደብረ ብርሃን ላይ የሰማነው ወሬ፣ እውነታውም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ አሥራ ስምንት ወጣቶች ያሉበትን የመዘምራን ቡድን አለማምዳለሁ። አዳራሹ ማሞቂያ የለውም፤ በታኅሣሥ ብርድ ሲዘምሩ ዜማው ከአፋቸው እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል። አንድ ማታ ድምፃቸውን እስኪያፍታቱ ድረስ ከስልኬ የአንዲት ጀርመናዊት መነኩሴ ድርሰት ከፈትኩላቸው። የቢንገኗ ሂልደጋርድ ትባላለች፤ በ1098 ተወልዳ በ1179 ያረፈች፣ በራይን ወንዝ ዳር የሴቶች ገዳም የመሠረተች ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያን ማታ የተጀመረው ክርክር እስከ ፋሲካ ዘለቀ። ከተባለው ውስጥ ብዙው ስህተት ነበር፤ አንዱ ስህተት ደግሞ የኔው ነው።

«እማሆይ ጽጌ ማርያም አይደሉም እንዴ?»

አይደሉም። ሁለቱም መነኮሳት ናቸው፣ ሁለቱም ደርሰዋል፤ መመሳሰላቸው እዚያ ላይ ያበቃል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉ የፒያኖ ሰው ናቸው። ሂልደጋርድ ስታርፍ እኛ ዘንድ የሚገዙት ዛጉዌዎች ነበሩ።

«የመጀመሪያዋ ሴት የዜማ ደራሲ ናት»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አርማለሁ። ከእሷ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ካሲያ የምትባል መነኩሴ መዝሙር ትደርስ ነበር። ከድርሰቶቿ አንዱ በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በሰሙነ ሕማማት ይዘመራል። ከሂልደጋርድ በፊት ከነበሩ ደራስያን፣ ከወንዶቹም ጭምር፣ ብዙዎቹ ስማቸው አልተጻፈም። የእሷ ግን ሰባ ያህል ዜማ ከነስሟ ተርፏል። ልዩ የሚያደርጋት ይህ እንጂ ቀዳሚነቷ አይደለም።

ከልጆቹ አንዱ «ሴት ደግሞ እኛ አገር ዜማና ቅኔ የት ታውቃለች?» ብሎ ነበር። የጎጃሟን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ነገርኩት፤ ስንት መምህር የሆነ ወንድ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ቆጥሯል። ቀጥዬም «የሴት አያትህን አገር፣ መንዝን፣ ጠይቅ» አልኩት። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ስንኙን እዚያው ፈጥራ ስታወርድ፣ ሴቶቹ ሲቀበሏት ደራሲዋ ማን ሆነችና?

«አራት ድምፅ ከሌለው ኳየር አይባልም»

በጣም ያከራከረን ይህ ነው። ከልጆቹ ግማሾቹ ከቀጭኑ የሴት ድምፅ እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ በአራት ተከፍለው፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር፣ ቤዝ እየተባሉ ያደጉ ናቸው። የሂልደጋርድን ሲሰሙ «ሌሎቹ የት ሄዱ?» አሉ። የትም አልሄዱም። ዜማው አንድ ነው፤ ሁሉም ያንኑ ይዘምራሉ። በአንዳንድ ቅጂ ከሥር እንደ ንብ የሚያጉተመትም የማይለወጥ ድምፅ ይሰማል፤ እሱን የጨመሩት የዘመናችን አዘማሪዎች ናቸው። በብራናዎቿ ላይ የለም።

ማኅሌት ቆሞ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። መሪና ተመሪ ተቀባብለው የሚያወርዱትም አንድ ዜማ ነው፤ ሀብቱ በዜማው ርዝመትና በመታጠፊያው ላይ ነው። የእሷ ምልክቶች በመስመር ላይ ተሰድረው የድምፁን ከፍታ ያሳያሉ። የእኛ ድፋት፣ ይዘት፣ ጭረት ግን ዜማውን ከመምህሩ ቃል የተማረ ሰው እንዳይስት የሚይዙ ናቸው።

አንድነቱ ግን ቀላል አያደርገውም። በዘመኗ የነበረው የላቲን ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ኖታ ዙሪያ ሲመላለስ፣ ከእሷ ድርሰቶች አንዳንዱ ከታች ተነሥቶ ከሁለት ኦክታቭ በላይ ይወጣል (አንድ ኦክታቭ የስምንት ኖታ ርቀት ነው)። መጀመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ባለ አምስት እርከን ዝላይ አለ። ልጆቹን ሞክሩት አልኳቸው። ከሴቶቹ አራቱ ዝላዩን ወጡት፤ ከዚያ በኋላ አንዲቷን የቃል ክፍል ይዞ የሚሄደው ረጅም ሐረግ ላይ ትንፋሽ አለቀባቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ላይ መሆኗ እንደ ሰበብ ቀረበ። እኔም ተቀበልኩት።

አዳራሹ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ መሪጌታ «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ትንፋሿ ረጅም ነው። ማን አስተማራት?» አሉኝ። ወደ ቀጣዩ ወሬ ያሻገረን ይህ ጥያቄ ነው።

«ዜማውን ወንድ ነው የጻፈላት»

ፎልማር የሚባል መነኩሴ ለብዙ ዓመት ጸሐፊዋ ነበር፤ የላቲን ሰዋስዋንም ያርም ነበር። ወሬው የተነሣው ከዚህ ነው። ዜማዎቹን ግን እሱ ደረሰ የሚል ማስረጃ የለም። እሷ ራሷ ኖታም መዝሙርም ሳልማር ደረስኩ ትላለች። ይህን ቃሏን እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ፣ ቀንም ሌሊትም፣ መዝሙረ ዳዊት ስትዘምር የኖረች ሴት አልተማረችም ማለት፣ የቆሎ ተማሪ ፊደል አልቆጠረም እንደማለት ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ትምህርት ብሎ መረዳት ይሻላል። መሪጌታም «እንግዲያ በጆሮዋ ነዋ የተማረችው» ብለው ሄዱ።

«በ8 ዓመቷ ግድግዳ ውስጥ ተዘጋባት»

በየቦታው የሚደገም ነው። በ8 ዓመቷ ወላጆቿ ለእግዚአብሔር ሰጧት፤ ይህ በታሪኳ ተጽፏል። ዩታ ከተባለች መናኝ ጋር ዲሲቦደንበርግ ገዳም በዓት የገባችው ግን በ1112 ነው፤ 14 ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ብቻዋንም አልነበረችም። ዩታ በ1136 ስታርፍ እኅቶቹ ሂልደጋርድን አለቃ አድርገው መረጧት። እነዚያ እኅቶች ናቸው በኋላ ድርሰቶቿን የዘመሩት።

«ሰይጣንንም አዘምራዋለች»

ተቃራኒው ነው። ኦርዶ ቪርቱቱም የተባለ በዜማ የሚቀርብ ተውኔት አላት፤ ምግባራት ስለ አንዲት ነፍስ ከሰይጣን ጋር የሚታገሉበት። ነፍስም ምግባራትም ይዘምራሉ፣ ሰይጣን ግን ይጮሃል እንጂ አንዲት ኖታ አልተሰጠውም።

«ገዳም ውስጥ ተረጋግታ ኖራ ተረጋግታ አረፈች»

እኅቶቿን ይዛ ራሷ ወደመሠረተችው ገዳም፣ ወደ ሩፐርትስበርግ፣ ልትሄድ ስትነሣ የቀድሞው ገዳም አበምኔት እንዴት እንደተቃወማት ብተርክ ጽሑፉ ይረዝማል። የመጨረሻውን ልንገራችሁ።

በ1178 አንድ መኳንንት በገዳሟ መቃብር ተቀበረ። የገዳሟ የበላይ የሆኑት የማይንትስ ከተማ ካህናት ሰውየው ተወግዞ ነበርና አስከሬኑን አውጡት አሉ። እሷ ደግሞ ንስሐ ገብቶ፣ ተፈትቶ፣ ቆርቦ ነው የሞተው አለች፤ መቃብሩንም አላስነካም። ያኔ ገዳሟ ላይ ግዝት ወረደ። ቅዱስ ቁርባን ተከለከለ፣ መዝሙርም ተከለከለ። እኅቶቹ የየሰዓቱን ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ ከማንበብ በቀር አፋቸውን በዜማ መክፈት አልቻሉም። ዳር እስከ ዳር ደወል ብቻ የሚሰማበት ደብር ውስጥ በጥምቀት ዋዜማ ማኅሌት የለም ቢባል ብላችሁ አስቡት።

የ80 ዓመት አሮጊት ናት። ግዝቱን አክብራ ዝም አለች፤ ደብዳቤ ግን ጻፈች። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አዳም ከመውደቁ በፊት ድምፁ ከመላእክት ምስጋና ጋር ኅብረት ነበረው፤ ነቢያት መዝሙር የደረሱትና መሣሪያ ያበጁት ያንን እንድናስታውስ ነው፤ ሰይጣንም ሰው ሲዘምር ሲሰማ ስለሚታወክ ዝማሬን ለማደናቀፍ ይደክማል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት የእግዚአብሔርን ምስጋና በምድር ዝም ያሰኘ በሰማይ ከመላእክት ምስጋና ዕድል ፈንታ የለውም። ለአለቆቿ ነው ይህን የምትጽፈው! ግዝቱ በማርች 1179 ተነሣ። እሷ ሴፕቴምበር 17 አረፈች። ከኅብረቱ ጋር ዳግም የዘመረችበት ጊዜ ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው።

«ወዲያው ቅድስት ተባለች»

በሮም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ በይፋ የጸደቀው በ2012 ነው፤ በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያን መምህር የሚል ማዕረግም ተሰጣት።

«ዜማዎቹ ጠፍተው ነበር፣ አሁን የሚዘመረው በግምት ነው»

ለብዙ ዘመን የሚዘምራቸው አልነበረም እንጂ አልጠፉም። ጀርመን፣ ቪስባደን ከተማ ያለው ትልቁ ብራና 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ዜማዎቹ ያሉት በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ እንዲተርፍ ተብሎ ድሬስደን በተባለች ሌላ የጀርመን ከተማ ባንክ ውስጥ ተቀመጠ። ድሬስደን በ1945 ስትነድ እሱ ተረፈ፤ ከተማዋ ግን በሶቪየቶች እጅ ገባች። በ1948 ሁለት ሴቶች ተመካክረው ወደ ቪስባደን መለሱት፤ አንዷ ላጥናው ብላ ተዋሰችው፣ ሌላዋ አሻገረችው።

ወደ ድሬስደን በተዋሰችው ምትክ የተላከው ሌላ መጽሐፍ ነው። የዚያ ሰዎች መለወጡን ያወቁት ቆይተው ነው።