የጊታር ዕቃ የቪዲዮ ግምገማ በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች፦ ምን ያህል ይታመናል?

የጊታር ዕቃ የቪዲዮ ግምገማ አንድ ተጫዋች ጊታር፣ ፔዳል (በእግር ተጭነው የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡበት ሳጥን)፣ አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ) ወይም ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጊታር ክፍል) ካሜራ ፊት እየሞከረ አስተያየቱን የሚሰጥበት ቪዲዮ ነው። በሰፈራችን ባጭሩ «ሪቪው» ይባላል። ይህ ዳሰሳ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በጀሞ ያሉ ጊታሪስቶች ሪቪውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት፣ የቱን አምነው የቱን እንደሚጠራጠሩ ይመለከታል። በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ስላላገኘሁ የተጠቀምኩት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የያዝኩትን ማስታወሻ ደብተርና የሰፈር ልጆችን ምስክርነት ነው። የአያትና የየካ አባዶ ነገር በዝቶ የጀሞ ያነሰው ለዚህ ነው።

ለምን ቪዲዮ?

የሙዚቃ ዕቃ ሱቆች በብዛት ያሉት መሀል ከተማ ነው። ከየካ አባዶ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ከደረሱ በኋላም ፔዳሉን ሰክቶ ልብ እስኪደርስ መሞከር ሁልጊዜ አይቻልም። የሚፈለገው ሞዴል ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።

ስለዚህ ብዙው ዕቃ የሚመጣው በሰው ነው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ፣ ወይም የዘመድ ጓደኛ፣ ሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ ያመጣዋል። ውጭ ያለ ገዢ ዕቃውን ካልወደደው ለሱቁ ይመልሳል። እዚህ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያልወደደ ሰው ከስሮ ይሸጠዋል፤ ወይም አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስህተቱ ይበልጥ ውድ ሆኗል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በዚያ ቀን ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በባንክ ምንዛሪ ብቻ ሲሰላ እንኳ 5,700 ብር ገደማ የነበረ የ100 ዶላር ፔዳል ከ10,000 ብር በላይ ሆነ። ሪቪው ላይ «ርካሽ ነው፣ ዝም ብለህ ግዛው» ሲባል ያ ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ ኪስ ነው።

ታሪክ

ከኢንተርኔት በፊት የዕቃ ዕውቀት ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከባንድ ወደ ባንድ በጆሮ ይተላለፍ ነበር፤ የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት የሰላም ስዩምን አጨዋወት ከካሴት ላይ እየመለሱ እየሰሙ ያጠኑ ታላላቆች ዛሬም በሰፈራችን አሉ።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ፤ በ2006 ጉግል ገዛው። የጊታር ሪቪው ከዚያ በኋላ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እንግሊዝ አገር፣ ጊልፎርድ ከተማ ያለው አንደርተንስ የተባለ ሱቅ በቪዲዮው ዓለም ሁሉ አወቀው። በፔዳል ላይ ረጅም ሰዓት የሚወስደው ዛት ፔዳል ሾው የተባለ ቻናል እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመረ።

ወደኛ ሰፈር ስንመጣ ማስታወሻዬ የሚጀምረው ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. ነው። አምልኮ ቆመ፤ ሰርግ ቆመ። እኛ አካባቢ ካሉ ጊታሪስቶች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ወይም የሰርግ ተጫዋቾች ስለሆኑ ሁሉም ቤቱ ተቀመጠ። ፓኬጅ የሞላ ሰው ሪቪው ያያል፤ ያልሞላው ካየው ይጠይቃል። ደብተሬ ላይ በዚያ ዓመት ብቻ 31 ዕቃዎች ተመዝግበዋል፤ ሁሉም በቪዲዮ የታዩ እንጂ በእጅ የተነኩ አልነበሩም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። ቪፒኤን ያለው ያይ ነበር፤ ግን ይቆራረጣል። አንዳንዱ አስቀድሞ ያወረደውን በፍላሽ ያዞር ጀመር። ፍላሹ ላይ ያለው ሲያልቅ ደግሞ ልጆቹ የራሳቸውን ዕቃ በስልክ እየቀረጹ መለዋወጥ ጀመሩ። መብራት የለም፣ ማይክ የለም፣ ስቱዲዮ የለም። ውሻ ይጮሃል፤ ጎረቤት ቡና ይወቅጣል። ግን የምታውቀው ልጅ፣ የምታውቀው ክፍል፣ የምታውቀው ሞንታርቦ ነው። ያ ፔዳል እዚያ ቤት እንዴት እንደሚጮህ ስትሰማ አንተ ቤት እንዴት እንደሚጮህ ትገምታለህ። የየካ አባዶ ልጆች ጆሮ ስል የሆነው በእነዚህ ወራት ነው ብዬ አምናለሁ።

የጀሞዎቹ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ካሜራው የማይናገረው

አንድ ቅዳሜ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነን ተሰበሰብን። አንዱ ልጅ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክርና የሚያወፍር) ፔዳል አስመጥቶ ነበር። ቪዲዮው ላይ ወፍራም፣ ሙቅ ድምፅ ነበረው። እሱ ቤት ሲሰካው ግን ቀጭን ሆነ፤ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ። ተሸወድኩ ብሎ አዝኗል።

ቪዲዮውን ከፍተን በጆሮ ማዳመጫ ሰማነው። መጀመሪያ የታዘብነው ጊታሩ አንድ አለመሆኑን ነው። ያው ሪፍ (አጭር ተደጋጋሚ ዜማ) በግራም በቀኝም ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ተቀርጾ ተደርቧል። ከሥሩ ቤዝ አለ። በስልክ ስፒከር ስንሰማው የነበረው «ውፍረት» አብዛኛው የቤዙ ነበር።

ቀጥለን ፔዳሉን ሞከርነው። ሲበራ ድምፁ ያምራል፤ ሲጠፋ ይሞታል። ሌቭል የሚለውን ማዞሪያ ቀስ እያልን መለስነው፤ ሲበራም ሲጠፋም ጩኸቱ እኩል እስኪሆን። ያኔ ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። የሰው ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይሰማል። ሪቪው ላይ ደግሞ ፔዳሉ ሲበራ ጩኸቱም አብሮ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ነገር ክፍሉ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን የሚሰማው ጎርናና ድምፅ ከሌላው ይበልጥ ይቀንሳል። ቪዲዮው የተቀረጸው አምፑ በደንብ ተከፍቶ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከታች ሕፃን ተኝቶ፣ ያንን ማድረግ አንችልም። ድምፁ የቀጠነው ፔዳሉ መጥፎ ሆኖ አልነበረም።

ማይክም አለ። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስኤም 57 አምፕ ፊት በብዛት የሚቆመው ማይክ ነው። ከስፒከሩ መሀል ወደ ዳር የጣት ስፋት ያህል ቢንቀሳቀስ ድምፁ በግልጽ ይለወጣል። ይህን ሪቪው ሠሪው ላይነግርህ ይችላል፤ አንዳንዴም ለመዋሸት ሳይሆን ሳያስበው ቀርቶ ነው።

በመጨረሻ ስልካችን አለ። የጊታር ወፍራሙ ክር፣ ሚ፣ ባዶውን ሲመታ 82 ኸርዝ ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ አይወርድም። በስልክ ስፒከር ብቻ ሰምቶ ስለ ፔዳል ጎርናና ድምፅ መከራከር ባዶ ድካም ነው።

የገንዘብ ጉዳይ

ሪቪው ሠሪ ከዕቃው ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ዓይነት ነው። ዕቃውን ራሱ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ኩባንያው አውሶትም፣ በነፃ ሰጥቶትም፣ ለቪዲዮው ከፍሎትም ሊሆን ይችላል። ከቪዲዮው ሥር ባለው ሊንክ የገዛ ሰው ሁሉ ለሪቪው ሠሪው ኮሚሽን ያስገኛል። ሱቅ የሠራው ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ የሚያሳይህ የሚሸጠውን ነው። ይህ ሁሉ ሌብነት አይደለም። ነገር ግን መታወቅ አለበት።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎችንም አካቷል፤ በ2023ም እንደገና አሻሽሎታል። በመመሪያው መሠረት በነፃ የተሰጠ ዕቃም እንደ ክፍያ ሁሉ ግንኙነት ነው፤ ተመልካቹ በማያመልጠው መንገድ መነገር አለበት። በ2024 ደግሞ የሐሰት ሪቪውን የሚከለክል ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ የአሜሪካ ቻናል ስታይ የመጀመሪያውን ደቂቃና ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል። ብዙዎቻችን ያንን ጽሑፍ ከፍተነው አናውቅም።

አንዳንድ ታዋቂ ሪቪው ሠሪዎች የራሳቸው የጊታር ብራንድ አላቸው። ሮብ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ2009 ቻፕማን ጊታርስን፣ ኦላ ኢንግሉንድ በ2017 ሶላር ጊታርስን መሥርተዋል። ሁለቱም ይህን በግልጽ ይናገራሉ። ተመልካቹ ስለ ሌላ ጊታር ሲያወሩ ይህን ይዞ መስማት አለበት እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

ለእኔ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ሳይገልጥ የሚያደንቀው ሳይሆን ፈትቶ የሚያሳየው ነው። የናሽቪሉ ጊታሪስት ጂም ሊል የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አንድ በአንድ እየፈተነ አሳይቷል። መጨረሻ ላይ የጊታሩን አካል ጭራሽ አስቀረው። ክሮቹን አየር ላይ ወጠረና ፒክአፑን ከሥራቸው አደረገ። ድምፁ ከሙሉ ጊታር ጋር ለመለየት እስኪያስቸግር ተቀራረበ። እንጨት በኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ላይ ያለው ድርሻ ግን ዛሬም ያከራክራል፤ ሰፈራችን ውስጥም በዚህ የተነሳ ለሳምንት ያልተነጋገሩ አሉ።

ሪቪው የማይደርስበት

አንደኛው መብራት ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የአሜሪካ አምፕ እንዲሁ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ዕድለኛ ካልሆንክ ትራንስፎርመሩም ይከተላል። አንድ የቱሉ ዲምቱ ልጅ ስምንት ወር የጠበቀውን አምፕ በሁለት ሰከንድ አጥቷል። ሽታው ከክፍሉ ሳይወጣ ሰነበተ አለኝ። አንዴ እንኳ ሪቪው ላይ ስለ ቮልት ሲነገር አልሰማሁም። በተጨማሪ የብዙ ቤት ሶኬት የመሬት ሽቦው በትክክል አልተገናኘም። ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ ያለው ጊታር እዚያ ይንጫጫል። ሀምባከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሁለቱ ጥቅሎቹ ጫጫታውን ስለሚያጣፉ ብዙው የእኛ ሰፈር ተጫዋች የሚመርጠው እሱን ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ግን ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ለጊታር የሚመከረው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። አዲስ አበባ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከዚያ በታች ትወርዳለች። እንጨቱ ይኮማተራል፤ ብረቱ አይኮማተርም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጊታርህን አንገት ጠርዝ በአውራ ጣትህ ከላይ እስከ ታች ዳስሰው፤ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች) ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጭርሃል። ሪቪው ላይ «አንገቱ ሐር ነው» የተባለለት ጊታር ነው ይህ። አያት ያሉ ልጆች የተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርገው ኬዙ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይሠራል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋነኛው፣ ቅኝት ነው። የሪቪው ተጫዋቾች የሚሞክሩት ባብዛኛው በብሉዝና በሮክ ነው። እኛ የምንፈልገው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ እንዴት እንደሚሆን ነው። አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ድምፆች ሁለት ቦታ አሉ፤ ከዶ ቢጀመር ዶና ሬ ቢሞል፣ ፋና ሶል ቢሞል ማለት ነው። ፔዳሉ ድምፁን አብዝቶ የሚያሻክር ከሆነና የመጀመሪያው ድምፅ ሳይጠፋ ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ዜማው ይጨቀያል። ረጅም ዲሌይም (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው ፔዳል) እንዲሁ ያደርጋል። ለብሉዝ «ምርጥ» የተባለ ፔዳል ለአንቺሆዬ ላይሆን የሚችለው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ፔዳል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጫወትበት ቅኝት አንቺሆዬ የሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ይህን ያስለመዱት የየካ አባዶ ልጆች ናቸው።

የፎርጅድ ነገርም አለ። ሪቪው የታየው ኦሪጅናሉ ነው፤ እጅ የገባው ግን አርማው ብቻ የሚመሳሰል ኮፒ ሊሆን ይችላል። እኔም አንዴ ከአንድ ሻጭ እንዲህ ያለ ፔዳል ገዝቻለሁ። ያየሁት ቪዲዮ ሐቀኛ ነበር፤ ዕቃው ነው ሌላ የነበረው።

ማዟዟር

ዛሬ በዳር ሰፈሮቹ የተለመደው አሠራር ማዟዟር ይባላል። ዕቃ ያስመጣ ሰው አንድ ወር ይጫወትበታል። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ለሌላው ያውሰዋል። የተዋሰው ሰው በስልኩ ይቀርጻል፤ መጀመሪያ ፔዳሉ ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ፣ ጩኸቱ እኩል ሆኖ። የቱ ጊታር፣ የቱ አምፕ ወይም ሞንታርቦ እንደሆነ በአፉ ይናገራል። ቅጂው በቴሌግራም ይዞራል። ማንም አይከፈለውም። የተበላሸ ዕቃ ካለ ያበላሸው ያሠራል፤ እስካሁን በዚህ የተጣላ ሰው አላውቅም።

የውጭ ሪቪው አልተተወም። ዕቃው ምን ማዞሪያዎች እንዳሉት፣ ባትሪ ይቀበል እንደሆነ፣ አዳፕተሩ 9 ቮልት ሆኖ ኔጌቲቩ በመሀል ይሁን በዳር ለማወቅ አሁንም የሚታየው እሱ ነው። ለዚህ ለዚህ ይታመናል። ለድምፁ ግን ማዟዟሩ ይጠበቃል።

ያ አራተኛ ፎቅ ላይ «ቀጭን» የተባለው ፔዳል እስካሁን አልተሸጠም። ሰባት ቤት ዞሯል። አሁን ኮዬ ፈጬ፣ አንዲት የመዘምራን ጊታሪስት ጋ ነው። እሷ ቤዙን ቀንሳ፣ ሌቭሉን እኩል አድርጋ፣ በአምባሰል የቀረጸችው የሁለት ደቂቃ ድምፅ ደብተሬ ላይ 64ኛው መዝገብ ነው።