«ስፔኖች የሠሩት» የሚባለው ባቡር ጣቢያ

የድሮ ሕንፃ እድሳት ላይ ስለምሠራ፣ ሎስ አንጀለስ ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ። የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ በር ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ያችው ነገር ትመጣለች፦ «ወይ ስፔኖች! እንዴት አድርገው ሠርተውታል!» በቃ፣ ሰለቸኝ። ጽፌው ልገላገል። በጥቅስ ያስቀመጥኩት ሰዎች የሚሉት ነው፤ ከሥሩ ያለው የእኔ መልስ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እነዚህ የካሊፎርኒያ ባቡር ጣቢያዎች ከስፔን ዘመን የቀሩ ናቸው»

አይደሉም። የስፔን አገዛዝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያበቃው በ1821 ነው። ዩኒየን ስቴሽን የተከፈተው በ1939። ንድፉን የሠሩት ጆን ፓርኪንሰንና ልጁ ዶናልድ ናቸው፤ አባትየው ደግሞ የእንግሊዝ ተወላጅ ነው። ስፔን የት አለች?

ጣቢያዎቹ የተሠሩት ሚሲዮን አስመስለው ነው፤ ሚሲዮን ማለት የካቶሊክ መነኮሳት የአገሩን ተወላጆች ለማጥመቅ ያቋቋሙት ሰፈር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እውነተኞቹ ሚሲዮኖች 21 ናቸው። የተቋቋሙት ከ1769 እስከ 1823 ባለው ጊዜ ነው። ከ1830ዎቹ ወዲህ የሜክሲኮ መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን እጅ ሲያወጣቸው ብዙዎቹ ጠባቂ አጥተው ፈራረሱ። ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። በኋላ ባቡሩ ከምሥራቅ ሕዝብ ሲያጎርፍ ግን ካሊፎርኒያ የራሷ የምትለው ታሪክ አማራት። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አርክቴክት ፔጅ ብራውን የካሊፎርኒያን አዳራሽ በሚሲዮን መልክ ሠራ። ሰዉ ወደደው።

ሳውዘርን ፓሲፊክና ሳንታ ፌ የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ከበረዶ አገር የመጣ ተሳፋሪ ገና ከባቡሩ ሲወርድ ቅስት፣ ነጭ ግድግዳና ቀይ ሸክላ ጣሪያ ካየ፣ ሆቴል ይይዛል፣ መሬት ይገዛል። ጣቢያው ራሱ ማስታወቂያ ነበር ማለት ነው። የሳንዲያጎው ጣቢያ በ1915 ከተማዋ ላዘጋጀችው ትልቅ ኤግዚቢሽን ደረሰ፤ የሳን በርናርዲኖው በ1918 ቀጠለ።

እኔን የሚያስቀኝ ግን በርሊንጌም ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት፤ በ1894 የተከፈተች፣ በዚህ ስልት ከተሠሩት ቀዳሚዎቹ አንዷ። ጣሪያዋ ላይ ያሉት ሸክላዎች አሮጌ ይመስላሉ። አሮጌም ናቸው! ከፊሎቹ ሳን አንቶኒዮ ዴ ፓዱዋ ከሚባለው ሚሲዮን የመጡ ናቸው። ያ ሚሲዮን ያኔ ቄስ እንኳ አልነበረውም። እውነተኛው ቤት ጣሪያውን ሰጠ፣ አስመስሎ የተሠራው ለበሰው።

«ሸክላውን የቀረጹት ጭናቸው ላይ እየለበጡ ነው»

ይህንንማ አስጎብኚዎችም ያወሩታል። ከግማሽ ሜትር በላይ የሚረዝም ሸክላ ጭንህ ላይ ሞክረውና ንገረኝ። የተቀረጸው በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ላይ ነው። አንድ ጫፉ የጠበበው አንዱ ሸክላ ሌላው ላይ ተደርቦ እንዲቀመጥ ነው።

«ሚሲዮን ሁሉ እንደ ማዕበል የታጠፈ ግንባር አለው»

ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። የሳንታ ባርባራው ግንባር የሮማ ቤተ መቅደስ ነው የሚመስለው። ቴክሳስ ያለው የድሮ ሚሲዮን፣ አላሞ፣ ዝነኛው የታጠፈ ግንባሩ ደግሞ የቴክሳስ ሰዎችና የሜክሲኮ ጦር በ1836 እዚያ ሲዋጉ ጨርሶ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር ሕንፃውን መጋዘን ሲያደርገው፣ በ1850 ገደማ የጨመረው ነው።

«መነኮሳቱ በእጃቸው ገነቧቸው»

መነኮሳቱ አዘዙ። ጭቃውን ያቦኩት፣ ጡቡን የደረደሩት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ከተጠመቁ በኋላ ትቶ መሄድ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የሸሸ ተይዞ ይመለሳል፣ ይገረፋል። በበሽታም በብዛት አለቁ።

«የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ይጠነክራል»

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ጣቢያዎቹ ባብዛኛው ጡብ፣ እንጨት ወይም ኮንክሪት ስለሆኑ የሲሚንቶ ልስን ይችላሉ። ሚሲዮኖቹ ግን ባብዛኛው ፀሐይ ላይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ናቸው። ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ የጭቃውንም በሲሚንቶ ይለስነዋል። ጭቃ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በግድግዳው በኩል ያወጣዋል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል።

አንድ ደንበኛ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የጭቃ ቤት ገዝቶ ጠራኝ። ልስኑ ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፤ እንከን የለውም። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብዬ በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ስንፍቀው ውስጡ ያለው ጡብ እንደ ሊጥ ላልቶ እጃችን ላይ ቀረ። ያለሰነው ሥራ ተቋራጭ «ለሃምሳ ዓመት አትነካውም» ብሎት ነበር አሉ።

ስለዚህ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ እዚህም ሁኑ አገር ቤት፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ጣሪያውን እዩ። አሸንዳው ውኃውን ግድግዳ ሥር እያፈሰሰ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። አፈሩ ግድግዳው ላይ ተከምሮ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ግድግዳው እስኪደርቅ ታገሱ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በጭቃ ወይም በኖራ ለስኑት፣ በየጊዜውም በኖራ ቀቡት። «ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል» የሚል ቀቢ ከመጣ፣ ቡና አጠጡና ሸኙት።