በጌም ኮንሶሎች ላይ የጥላና የዙሪያ ብርሃን አሠራር፦ ከአዳማ ጌም ቤቶች አንጻር

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ጥላ የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ከታወቀ ምንጭ፣ ከፀሐይ ወይም ከስታዲየም ፓውዛ፣ የሚመጣ ብርሃን በሰው ወይም በዕቃ ሲጋረድ መሬት ላይ የሚያርፈው ነው። ሁለተኛው ከሰማይ፣ ከግድግዳና ከመሬት እየነጠረ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የዙሪያ ብርሃን በሚገባ በማይደርስባቸው ቦታዎች፣ በልብስ እጥፋት ወይም ጫማና ሣር በሚገናኙበት ሥፍራ፣ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ጥቁረት ነው። አማርኛ ሁለቱንም ጥላ ስለሚል፣ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው የወደቀ ጥላ፣ ሁለተኛው የስርቻ ጥላ ተብለዋል።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ከአዳማ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች፤ ያን ጊዜ የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ የክረምት ቀን ደግሞ የወደቀው ጥላ ከአስፋልቱ ይጠፋል፤ በቆመ ባጃጅ ሥር ያለው ጥቁረት ግን እንዳለ ይቆያል። ይህ ሁለተኛው የስርቻ ጥላ ነው።

የወደቀ ጥላን ለማስላት የሚያገለግሉት ሁለቱ ዋና ዘዴዎች በ1977 በፍራንክ ክሮው እና በ1978 በላንስ ዊሊያምስ፣ በሁለት የኮምፒውተር ምስል ተመራማሪዎች፣ የቀረቡ ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጥላ ካርታ በሚባለው በዊሊያምስ ዘዴ ትዕይንቱ መጀመሪያ ከመብራቱ ቦታ ሆኖ ይታይና ርቀቱ ይመዘገባል፤ ከዚያ መብራቱ ያላየው ነጥብ ሁሉ ይጠቁራል። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ) ጌሞች ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከእግር ሥር የተለጠፈ ጥቁር ክብ ነበር።

በ2000 የወጣው ፒኤስ ቱ (ፕሌይስቴሽን 2) ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። 32 ሜጋባይት ዋና ማህደረ ትውስታና 4 ሜጋባይት የምስል ማህደረ ትውስታ ብቻ ይዞ፣ በ2001 ሳይለንት ሂል 2 በተባለው ጌም ላይ የእጅ ባትሪ ብርሃን ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚንቀሳቀስ ጥላ አሳይቷል። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ የማይክሮሶፍት ኮንሶል፣ የጥላ ካርታን ምስል በሚሠራው ግራፊክስ ቺፑ ይደግፍ ስለነበር በ2002 ስፕሊንተር ሴል የተባለው ጌም በእርሱ ላይ ያሳየው ጥላ በፒኤስ ቱ ላይ አልተደገመም፤ ሆኖም ፒኤስ ቱ በዚህ ብቻ ሊመዘን አይገባም። በእግር ኳስ ጌሞች ላይ በማታ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ተጫዋች እግር በመስቀል ቅርጽ የሚዘረጉት አራት ስስ ጥላዎች በዘመኑ የጌም ቤት ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ጥላው ከጌጥነት አልፎ ሥራም ነበረው። ኳስ ወደ ላይ ስትነሳ ከጎን ከሚያየው ካሜራ ከፍታዋን መገመት ስለሚያስቸግር፣ የለመደ ተጫዋች ዓይኑን ከኳሷ አንስቶ ሣሩ ላይ የሚሮጠውን ጥላዋን ይከተላል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ጆይስቲኩን ተጭኖ በቴስታ ይመታል።

የስርቻ ጥላ በጌም ውስጥ ሰፊ ቦታ ያገኘው ከ2007 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ክራይሲስ የተባለው ጌም በኮምፒውተር ላይ ያሳየው ዘዴ የእያንዳንዱን የስክሪን ነጥብ ጥልቀት ከጎረቤቶቹ ጋር ያነጻጽራል፤ ዙሪያው ከፍ ከፍ ያለበት ነጥብ እንደ ጉድጓድ ተቆጥሮ ይጠቁራል። በኮንሶል በኩል ከጌሞቹ ጊርስ ኦቭ ዋር 2 በ2008 በኤክስቦክስ 360፣ አንቻርትድ 2 በ2009 በፒኤስ ስሪ ላይ ተጠቅመውበታል፤ የኋለኛው ስሌቱን ሴል በተባለው ፕሮሰሰር ረዳት ክፍሎች ላይ ማካሄዱ ሊደነቅ የሚገባው ብልሃት ነው። ዘዴው ከስክሪኑ ውጭ ያለውን ስለማያውቅ ጥቁረቱ በምስሉ ጠርዝ ላይ ይዋዥቃል፤ አንዳንዴም በሰው ዙሪያ የጥላሸት ቀለበት የመሰለ ነገር ይፈጥራል። ከሁለቱ ኮንሶሎች የማን ጥላ ይበልጣል የሚለው ክርክር እንደ ጌሙ መልሱ ይለያያል፤ የፒኤስ ስሪ ግራፊክስ ቺፕ የጥላ ካርታን ጠርዝ በራሱ የማለስለስ አቅም እንደነበረው ግን አያከራክርም።

ፒኤስ ፎር በ2013 በ8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ሁለቱንም ጥላዎች አሻሽሏል።

በ2020 የወጡት ፒኤስ ፋይቭና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የብርሃንን ጉዞ የሚከታተለውን የሬይ ትሬሲንግ ስሌት በቺፓቸው ይደግፋሉ። ከጌሞች በዚያው ዓመት የወጣው ብላክ ኦፕስ ኮልድ ዋር ለወደቀ ጥላ፣ በ2021 የተሻሻለው ሜትሮ ኤክሶደስ ደግሞ ለሚነጥረው የዙሪያ ብርሃን ተጠቅመውበታል።

ቴሌቪዥኑና ክፍሉም መረሳት የለባቸውም። በሩ ወደ መንገድ በተከፈተ የአዳማ ጌም ቤት ውስጥ የቀትር ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚጠፋው የስርቻ ጥላ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ብራይትነስ ከልክ በላይ ሲጨመር ደግሞ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና የተጫዋቹ ጫማ ከሣሩ የተለየ፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በበሩ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ ከተሰቀለና ብራይትነሱ ከተስተካከለ ጫማው ተመልሶ ሣሩ ላይ ያርፋል።